ቮልስ የለመደ ጆሮ፣ ላይካን ያየ ዓይን

ያኔ እኮ መኪናን የምናውቀው በጆሯችን ነበር! ኮልፌ፣ ገና ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ፣ ዓይናችን ሳያየው፣ «ላዳ ነው!»፣ «አይደለም፣ ዲኤክስ ነው!» እየተባባልን እንጨቃጨቃለን። ውይይት ታክሲ፣ ያቺ የፔጆ ፒክአፕ፣ ሰው ጢም አድርጋ ዳገቱን ስትይዝ የምታሰማው ሲቃ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከሁሉም ግን ቮልስ! የቮልስ ድምፅ ከሩቅ ከተሰማ ኳሱም ብዩም እዚያው ይጣልና ወደ መንገድ ይሮጣል። በሰፈራችን አንድ ባለቮልስ መምህር ነበሩ። ጠዋት አልነሣ ስትላቸው የምንገፋላቸው እኛ ነን፤ ለመግፋት ተራ እስክንጣላ ድረስ። አንድ ቀን ታዲያ የፊቱን ኮፈን ከፈቱትና ሞተር የሌለበት ባዶ ሆኖ አገኘነው። ክው አልን። እሳቸው እየሳቁ ወደ ኋላ ወሰዱንና የኋላውን ገለጥ አድርገው፣ «አያችሁ ልጆቼ፣ የእሷ ልብ እዚህ ነው» አሉን። የዚያን ቀን ደስታችንን በምን ቃል ልንገራችሁ!

ከዚያ ወዲያ የምሠራው የሽቦ መኪና ሁሉ ሞተሩ ከኋላ ሆነ። ሞተሩ የክብሪት ቀፎ ነው፣ ጎማው ቆርኪ፣ መሪው እስከ ደረቴ የሚደርስ ረጅም ሽቦ። ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ከመርካቶ ሱማሌ ተራ ያረጀ ኩሽኔታ እየለመኑ የእንጨት ጋሪ ይሠሩና በቁልቁለቱ ይለቁታል። ብረቱ አስፋልቱ ላይ ሲንጫጫ እናቶች ከየቤቱ እየወጡ ይቆጣሉ፤ እኛ ግን በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ዜማ ያለ አይመስለንም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 ዱባይ ስገባ ያረፍኩት ሙሀይስና ነው። ከዚህ ሰፈር ጋር ያልተዋወቀ ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል፤ ለመኖሪያ ፈቃድ ደም የሰጠ፣ ራጅ የተነሣ ብዙ ሰው ሙሀይስናን በዚያው ያስታውሳታል። ያኔ ሜትሮ የሚባል ነገር አልነበረም። አረንጓዴው መስመር ቁሳይስ ድረስ መጥቶ ደጃችን ላይ ያቆመው በ2011 ነው። ሰፈሩን ታክኮ የሚያልፈው ሰፊ መንገድም ያኔ ኤሚሬትስ ሮድ ነበር የሚባለው፤ ሼክ ሙሐመድ ቢን ዛይድ የሚለውን ስም ያገኘው በ2013 ነው። ሙሀይስና ሁለት፣ ሁላችን ሶናፑር የምንላት፣ ማታ ማታ የሠራተኛ አውቶቡስ ተሰልፎ ሲገባባት መጨረሻው አይታይም። እኔ ግን ዓይኔ ከመንገዱ ላይ አይነሣም ነበር። በአዲስ አበባ በመጽሔት ብቻ ያየኋቸው መኪኖች በአካል ሽው ይላሉ!

ሥራ ያገኘሁት ጎረቤት ሻርጃ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው። ለእኔ ገነት ነበር። ስፖኪዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ባልስትራ፣ ካምቢዮ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ! ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች ዝርዝራቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ቋንቋ ያገናኘናልና እኔን ይፈልጉኛል። ዝርዝሩ ደግሞ አይቀየርም፦ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሚኒባስ፤ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሚኒባስ። ከሥራ በኋላ አቡ ሻጋራ እሄዳለሁ። ያኔ ያገለገለ መኪና የሚሸጠው እዚያ፣ በመኖሪያ ፎቆች መካከል ነበር፤ ከፎቁ ሥር ያለው ሁሉ መኪና ነው። ዛሬ ሻጮቹ ወደ ሱቅ አል ሐራጅ ተጠቃለዋል፤ ሥርዓት አለው፣ ፓርኪንግ አለው። ያ ግርግር ግን ልዩ ነበር! ራስ አል ኾር ደግሞ ከ2000 ጀምሮ የመኪና ነፃ ቀጠና አለ፤ ከጃፓን የሚመጡ ቀኝ መሪዎች ተራግፈው ወደ ሌላ አገር የሚሸኙበት። የአፍሪካ ግማሽ መኪና በዚያ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ መኪና እያየሁ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሁሉም ከሌላ አገር የመጣ ነው። ጃፓን፣ ጀርመን፣ ጣልያን፣ አሜሪካ፣ ኮሪያ። በዚህ ምድር የሚሸጥ፣ የሚታጠብ፣ የሚጠገን እንጂ እዚሁ የታለመ መኪና አላየሁም። ከዚያ ጃንዋሪ 2013 መጣ።

ዜናውን ያየሁት በስልኬ ነው። ኳታር የመኪና ትርኢት ላይ ላይካን ሃይፐርስፖርት የተባለ መኪና ተገለጠ፤ የአረቡ ዓለም የመጀመሪያው ሱፐርካር ተባለለት። ያለመው ራልፍ ደባስ የሚባል ሊባኖሳዊ ወጣት ነው። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ የመኪና ዲዛይን ተማረ፣ በ2012 ቤይሩት ላይ ደብሊው ሞተርስን መሠረተ፣ ከዚያ ኩባንያውን ወደ ዱባይ አመጣው። ቤይሩት! ለእኛ ይህች ከተማ የእህቶቻችን ድካም ስም ናት፤ ስሟ ሲነሣ አንጀታችን ይላወሳል። ከዚያችው ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ሕልም ወጣ።

አብሮኝ የሚኖር የሠራተኛ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ተኝቶ ነበር፤ ቀሰቀስኩት።

«ጋሼ! ጋሼ ተነሥ! መኪና ሠሩ!»

«እነማን ናቸው የሠሩት?»

«እነዚሁ! እዚሁ ዱባይ!»

ስልኩን ተቀብሎኝ ለረጅም ጊዜ አየው። «ዋጋውስ?» አለኝ። 3.4 ሚሊዮን ዶላር፣ በድርሃም 12.5 ሚሊዮን ገደማ። የፊት መብራቱ ውስጥ 420 አልማዝ ተሰክቷል። 780 የፈረስ ጉልበት አለው፣ በ2.8 ሰከንድ 100 ይገባል፣ እስከ 395 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፣ የሚሠራውም 7 ብቻ ነው። ጋሼ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። የዚያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም፤ ስለ መኪና ስናወራ አነጋነው።

በኋላ ስለ ሞተሩ ያነበብኩት ደግሞ ብቻዬን አስጨፈረኝ! የላይካን ሞተር የመጣው ከጀርመኑ ሩፍ ነው፤ ሩፍ በፖርሼ ሥራ የታወቀ ቤት ነው። ባለስድስት ሲሊንደር ሲሆን ሲሊንደሮቹ ቆመው ሳይሆን ግራና ቀኝ ተጋድመው ነው የሚሠሩት፤ ፒስተኖቹ እንደ ሁለት ቦክሰኞች ፊት ለፊት ይመታሉ። ለዚህም ነው ቦክሰር የሚባለው። የተቀመጠውም ከሾፌሩ ጀርባ ነው። እና ይኼ የማን ዘር ነው? የቮልስ ነዋ! ቮልስን ያለመው ፈርዲናንድ ፖርሼ አራት ሲሊንደር አጋድሞ ከኋላ ያስቀመጠበት ሐሳብ እያደገ፣ ስድስት እየሆነ፣ ሁለት ቱርቦ እየጨመረ እዚህ ደረሰ። ኮልፌ ላይ እየገፋን ያስነሣናት ያቺ መኪና የዚህ የአልማዝ ዓይን ዘመድ ሆና ተገኘች!

ከዚያ 2015 ሆነ፤ የደስታ ዓመት። «ፊዩሪየስ 7» ፊልም ወጣ፤ ቀይዋ ላይካን በአቡዳቢ የኢትሃድ ማማዎች መካከል መስታወት ጥሳ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ስትበር ሲኒማው በአንድ ድምፅ ጮኸ። የሕንዱም፣ የፓኪስታኑም፣ የፊሊፒኑም፣ የእኛም ጩኸት አንድ ሆነ። ለቀረጻው ተብለው አካላቸው ከፋይበርግላስ የሆነ 10 መኪኖች ለብቻ ተሠርተዋል። አቡዳቢ ፖሊስም አንድ ላይካን የራሱ አደረገ። በኖቬምበር ደግሞ በዱባይ የመኪና ትርኢት የደብሊው ሞተርስ ሁለተኛው ሞዴል፣ ፌኒር ሱፐርስፖርት፣ እንደሚገለጥ ሰማሁ። ከኢቲሳላት ጣቢያ አረንጓዴውን ያዝኩ፣ ዩኒየን ላይ ወደ ቀዩ ተቀየርኩ፣ ወርልድ ትሬድ ሴንተር ወረድኩ። ፌኒር ፊት ስቆም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካርቦን ፋይበሩን በዓይኔ እየዳሰስኩ፣ መገጣጠሚያውን እያየሁ፣ ቸርኬው ሥር ጎንበስ እያልኩ ጠባቂው በትዕግሥት ታገሠኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ራልፍ ደባስን የማደንቅበት ምክንያት አልማዙ አይደለም። መኪና መውደድ ብዙ ሰው ይወዳል፤ ደባስ ፍቅሩን ሥራ አደረገው። ፋብሪካ ሳይኖረው ተነሣ። የማይችለውን ከሚችሉት አገኘ፤ ሞተሩን ከሩፍ፣ ምህንድስናውን ከኦስትሪያው ማግና ስታይር ጋር፣ የአካሉን ሥራ ከጣልያኑ ስቱዲዮ ቶሪኖ ጋር። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እሱ ምኑን ሠራ?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እነዚህ ቤቶች ሁሉ ከእሱ በፊት ነበሩ፤ ሰብስቦ አንድ መኪና ያስወጣቸው ግን እሱ ነው። ሰባት መኪና ብቻ በመሥራቱም ስሙ ተተከለ፤ ስሙ ሲተከል ደግሞ ሌላ ሥራ መጣ። የዱባይ ፖሊስ ጊያት የተባለው ግዙፍ የጥበቃ መኪና የዚሁ ቤት ሥራ ነው። ለሌሎች ኩባንያዎችም ዲዛይንና ምህንድስና ይሸጣል። ፍቅር ደሞዝ የሚከፍለው እንዲህ ሲደራጅ ነው።

በአገራችንስ ያለመ ጠፍቶ ነው? ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ መኪና እየገጣጠመ በወንዞቻችን ስም አባይ፣ አዋሽ እያለ ሲያወጣ ሻርጃ ሆኜ እንዴት ፎክሬያለሁ! ኩባንያው አልዘለቀም፤ ድፍረቱ ግን ከልቤ አልወጣም። ኃይሌ ገብረሥላሴም ከሩጫው ዓለም መጥቶ በማራቶን ሞተር ሃዩንዳይን መገጣጠም ጀመረ፤ በ2020 ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና አወጣ።

ዛሬ የእኔም ዝርዝር ተለውጧል። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ ከባድ ግብር ሲጥል የቪትዝና የኮሮላ ጉዞ ቀዘቀዘ። በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስትከለክል ደግሞ ጭራሹን ሌላ ዘመን ተከፈተ። ነጋዴው አሁን ሲደውል የሚጠይቀኝ ስለ ካንዴላና ፍሪሲዮን አይደለም፤ ስለ ቢዋይዲ፣ ስለ ቮልስዋገን አይዲ 4፣ ስለ ባትሪ ጤንነት፣ ስለ ቻርጀር ነው። ከጀበል አሊ ተጭኖ በጅቡቲ የሚገባው ድምፅ የሌለው መኪና ነው። ቮልስን በጆሮው የለየ ልጅ እንዲህ ያለ ዘመን ማየቱ ይገርመኛል፤ ደስም ይለኛል!

ሙሀይስና፣ ሻርጃ፣ አጅማን በየጋራዡ የምትሠሩ የአገሬ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በአዲስ አበባ የቪትዝን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ ሞልቷል፤ የከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪን ያለ አደጋ ከፍቶ የታመመውን ሴል ለይቶ የሚያወጣ ግን ገና ጥቂት ነው። እናንተ መኪኖቹን በየቀኑ ትነካላችሁ፤ ሙያውን ተማሩት፣ የምስክር ወረቀቱን ያዙ፣ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ አገር ግቡና ጋራዥ ክፈቱ። ዕቃውን ከዚህ የምልክላችሁ እኔ ነኝ።