ከእናቴ ጋር ወደ አዋሽ ጣቢያ

እናቴ 81 ዓመቷ ነው። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይደክም አዋሽን አንዴ አሳየኝ» ስትለኝ፣ እኔ «ከፋሲካ በኋላ» እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር ግን የ11 ዓመት ልጄን ጨምረን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሳን።

አዳማን፣ ወለንጪቲንና መተሐራን አለፍን። በሰቃ ሐይቅ ዳር ልጄ ከመስኮቱ አልነቀል አለች። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሰፋ አስፋልቱንም የድሮውን ሃዲድም ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኗል። የፈንታሌን ተራራ ካለፍን በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዋሽ ሰባት ደረስን።

አዋሽ ሰባት የባቡር ልጅ ናት። አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ ቢደርስም፣ በገንዘብና በፖለቲካ ጣጣ ሥራው ለዓመታት ተጓቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 784 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። በጣቢያው ደጃፍ ቡፌ ዳዋሽ የቆመው ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀርም በ1926 ዓ.ም. ወንዙን ተከትሎ ወደ አፋር ምድር የወረደው ከዚሁ ጣቢያ ተነስቶ ነው።

ባለገንዘቡ በቡፌው ጠረጴዛ ሲመገብ፣ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ የሚበላው ከእናቴ ሰፌድ ነበር፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካን፣ አምባሻ። ባቡሩ ሲያፏጭ ሠፈሩ በሙሉ ይነሳል፤ ዘመድ የሚቀበለው፣ ደብዳቤ የሚጠብቀው፣ ዕቃ የሚያራግፈው። እኛ አራት ልጆች ያደግነውና የተማርነው በዚያ የባቡር መስኮት ነው።

አሁን ሃዲዱን ሣር በልቶታል። ልጄ «አያቴ፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አለቻት። እናቴ ሳቀች። ከዚያ ጥላ ፈልጋ ተቀመጠችና እኔም ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አወጋችን።

አንድ ቀን አንድ ተሳፋሪ 10 ብር ሰጥቷት የ1 ብር እንቁላል ይገዛል። ዝርዝር ስትቆጥር ባቡሩ ተነቃነቀ። ብትሮጥም አልደረሰችበትም። ዘጠኙን ብር በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ፣ በመጣው ባቡር ሁሉ የሰውየውን ፊት ትፈልግ ጀመር።

በዚያው ሰሞን፣ ጥር 1977 ዓ.ም.፣ ባቡሩ አዋሽ አጠገብ ሃዲዱን ስቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ያንን ጊዜ እኔም አስታውሳለሁ፤ የሠፈራችን እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የሰነበቱት።

«በዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር አላወቅኩም» አለች እናቴ። «ብሩን ሬሳ ፍለጋ ለመጣች አንዲት እናት ሰጠኋት። መስኮት መስኮቱን ማየት ግን አልተውኩም።»

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማዋ ወጣ ያለ የራሱ ጣቢያ አለው። ከአሮጌው ይፈጥናል፤ እንቁላል በመስኮት የሚሸጥበት ግን አይደለም።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ማለዳ ተነሱ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አይቻልም። ውኃ ያዙ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም መንገዳችሁ ላይ ነው። አያት ካለች ደግሞ አትተዋት፤ ከፎቶው በላይ ወሬዋ ይቀራል።

ስንመለስ ልጄ መንገድ ዳር ከአንዲት ልጅ ብርቱካን ገዛች። መልሷን ሳትቀበል መኪና ውስጥ ልትገባ ስትል እናቴ እጇን ያዘቻት።

«ቁሚ፣ መልስሽን ተቀበዪ» አለቻት። «ልጅቷን እንቅልፍ አትንሻት።»