ከጠያቂ ፊት ሲቀርቡ

ባለፈው ጥቅምት የእኅቴ ልጅ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ሐሙሲት ከቤቴ አደረች። ባንድ የግል ድርጅት ለሒሳብ ሠራተኛነት የጽሑፉን ፈተና አልፋ፥ የቀራት በማግሥቱ የሚደረገው የቃል ጥያቄ ነበር። “ጋሼ፥ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ‘እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?’ ያሉኝ እንደ ሆነ ምን እላለሁ? ባንድ ማኅበር በነጻ ሳገለግል ነበር ብልስ?” አለችኝ።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት የታመመች እናቷን ስታስታምም፥ የፎገራን ሩዝ ከገበሬ እየገዛች በወረታ ገበያ ስትቸረችር ነበር። ይህን ግን እንደ ነውር ቈጥራዋለች።

ስለዚህ ለማንም ያልነገርሁትን ነገርኋት። ሃያ ዓመት ያህል ይሆነዋል፤ ለአማርኛ መምህርነት ከሦስት ፈታኞች ፊት ቀረብሁ። ቅኔ እስከ የት እንደ ተማርሁ ብጠየቅ “መወድስ ዘልቄአለሁ” አልሁ። ያቋረጥሁት ግን ከዋዜማ ላይ ነበር። ከፈታኞቹ አንዱ ሽማግሌ ፈገግ ብለው “እንግዲያስ የቈጠርኸውን አንድ መወድስ አሰማን” አሉኝ። ስምንቱ ቤት ቀርቶ አንዱም አልመጣልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ማስተማር የጠየቁኝን ሁሉ በሚገባ ብመልስም የሚያምነኝ አልነበረም።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ከቅኔ ቤት የወጣሁ መሆኔ ነው። በዚያ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። ዛሬ የተሰበረበትን ነገ ጠግኖ ይመለሳል እንጂ ያልደረሰበትን ደረስሁ ቢል በዚያው ሰዓት ይታወቅበታል።

በዚያ ማታ ቡና ተፈልቶ መልሶቿን አሰናዳን። ነህምያ ንጉሡ በጠየቀው ጊዜ በልቡ ጸልዮ፥ የሚፈልገውን ነገርና የሚፈጅበትን ጊዜ ለይቶ እንደ ተናገረ አስታወስኋት። ጥቂት ዝም ማለት ነውር አይደለም። ጉድለትሽ ምንድር ነው ቢሏት እውነተኛውን አንዱን ጠርታ፥ እርሱን ለማረም የምታደርገውን ትናገር። የማታውቀውን አላውቅም ብላ፥ ከየት አጣርታ እንደምታገኘው ትጨምር። መቼ ታገቢያለሽ ብለው ቢጠይቋትስ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴት በጾታዋ ምክንያት በቅጥር ልዩነት እንዳይደረግባት ይከለክላል፤ ቢሆንም ሳትቈጣ “ሥራውን በሙሉ ጊዜዬ ለመሥራት ተዘጋጅቻለሁ” ብላ ነገሩን ወደ ሥራው ትመልስ።

ስለ ሁለቱ ዓመታት ግን ገና አልተስማማችም ነበር። “ሩዙን በዱቤ ስትሰጪ እንዴት ታስታውሺው ነበር?” ብዬ ጠየቅኋት። “በደብተር እጽፈው ነበር፤ የገዛሁትንም፥ የሸጥሁትንም፥ ያልተከፈለኝንም በየቀኑ” አለች። ይህን ብላ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልሁ። የምትፈራው ጥያቄ መልሱ ከሻንጣዋ ውስጥ ነበር።

እንደ ፈራችውም ጠየቋት። “እናቴን አስታመምሁ፤ ለቤቱ ወጪም ሩዝ ነገድሁ፤ ሒሳቡ ይኸው” ብላ ደብተሩን አሳየች። ሁለተኛ ወጥታ በተጠባባቂነት ተመዘገበች። በመመለሷ “ጋሼ፥ ሥራውን ገና አላገኘሁም፤ ነገር ግን የተናገርሁትን መደበቅ የለብኝም” አለችኝ።

ወላጆች ሆይ፥ አንድ ነገር ልናዘዝ። በእነዚያ ዓመታት ሰው ስለ እርሷ ሲጠይቀኝ “ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች” እል ነበር። ልጆቻችን በፈታኝ ፊት የሚዋሹት የደከሙበትን እኛ አስቀድመን ከንቱ ስላልነው እንዳይሆን፥ ከቤታችን የምንናገረውን እንመርምር።