ብረትን ከነባለሙያው ስለ ማከራየት

ሰው ለቤተሰቡ እንጀራ የሚያገኝበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ በእርሻ፥ አንዱ በንግድ፥ አንዱ በመንግሥት ሥራ፥ አንዱም በእጁ ጥበብ ይኖራል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ግን ለኪሳችን ስናስብ የሌላውን ሰው አጥንት እንዳንረሳ መጠንቀቅ ይገባናል። ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ያነበብነውን ለማስተማር አይደለም፤ በገዛ ቤታችን ከደረሰው ነገር የተማርነውን ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ለማካፈል ነው እንጂ።

እኛ በደሴ ከተማ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ከሁለታችን አንዳችን ግንበኛ፥ አንዳችን የሒሳብ መዝገብ ያዥ ነበርን። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፥ እኛም እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችንን ይዘን ተሰደድን። በኅዳር ወር መጨረሻ ሁለቱ ከተሞች ወደ መንግሥት እጅ ተመልሰው ወደ ቤታችን በገባን ጊዜ፥ መስኮቱ የተሰበረው፥ ጣሪያው የተበሳው፥ ግድግዳው የፈረሰው ቤት ስንት ነበረ! ሁሉም የሚጠገን ነገር ነበረው፤ የሚጠገነውም አብዛኛው ከራስ በላይ ነበር።

በአገራችን ግንብ በሚገነባበት፥ ግድግዳ በሚለሰንበትና በሚቀባበት ስፍራ ሁሉ ሠራተኛው የሚቆምበት መወጣጫ ከባሕር ዛፍ አጠና የሚታሰር መሆኑን የማያውቅ የለም። አጠናው ዋጋው አይከብድም፥ በየሰፈሩም ይገኛል። ነገር ግን ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ገመዱ ይላላል፥ ሚስማሩ ይዝጋል፥ እንጨቱም ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ባለቤቱም ከአንዱ ሥራ ነቅሎ በሌላው ሥራ ሲያቆመው፥ ያው የደከመ እንጨት ሌላ ሰው ሊሸከም ይገደዳል። ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በለንደን ከተማም የመወጣጫው እንጨት በገመድ ይታሰር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዳንኤል ፓልመር ጆንስ የሚባል ሰው ገመዱን የሚተካ የብረት ማያያዣ አወጣ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. የቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሲታደስ ስለ ተሠራበት ዝናው ተሰማ።

እኛም እንዲህ ብለን አሰብን። ትልቅ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው የራሱን መወጣጫ ያቆማል፤ ለአንድ ቀን ወይም ለሁለት ቀን ሥራ ግን ማን አጠና ገዝቶ ያስራል? የሱቁን ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሰቅለው፥ የጣሪያውን አሸንዳ የሚያጸዳው፥ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ አምፖል የሚለውጠው ሁሉ በተንቀጠቀጠ መሰላል ይወጣል። በኮምቦልቻ ደግሞ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሚሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ፤ በእነዚህና በመሰሎቻቸው ያለው ጣሪያ ሁሉ ረጅም ነው። ስለዚህ ከዕቁብ የደረሰንን ገንዘብና ከሠርግ ወርቅ ሽያጭ የተገኘውን አንድ ላይ አድርገን፥ ግንበኞች ስካፎልዲንግ የሚሉትን ያገለገለ የብረት መወጣጫ ገዛን። ንግድ ፈቃድም አውጥተን በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀመርን።

መጀመሪያ ያሰብነው ብረቱን ከነባለሙያው ለማከራየት ነበር። ጥንት በአገራችን የጭነት ከብት የሚከራይ መንገደኛ ከነነጂው እንደሚከራይ ሁሉ፥ ብረቱም የሚገጥመው፥ የሚጠብቀውና የሚነቅለው ሰው አብሮት ይሂድ አልን። ይሁን እንጂ አሳባችንን ይሉኝታ አሸነፈው።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በዝምድና አጎታችን የሆኑ፥ በሰፈሩም የተከበሩ ሽማግሌ ወደ ቤታችን መጡ። ቡና ተፈልቶ ከጠጡ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ብረቱን ብቻ ስጡኝ፤ ሰው ምን ያደርግልኛል? ለሳኝ አለኝ። ለባለሙያ የምትጠይቁኝን ለእርሱ ብጨምርለት አይሻልም?» አሉን። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን። እምቢ ማለት እንደሚገባን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን «እሺ፥ ጋሼ» አልን። ብረቱም ያለ ባለሙያ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። መወጣጫው የቆመው በሙሌት አፈር ላይ ነው፤ ከእግሩም በታች ጣውላ በማንጠፍ ፈንታ ድንጋይ ተደርጎ ነበር። ለሳኙ ከወጣ በኋላ አንዱ እግር ወደ ጭቃው ሰመጠ፤ ከግድግዳው ጋር አልታሰረም ነበርና ማማው አዘነበለ። ዕድሜው ሃያ ዓመት ያህል የሆነው ወጣት ወደቀ፤ የእግሩም አጥንት ተሰበረ።

ወደ ሐኪም ቤት በደረስን ጊዜ እናቱ በደጅ ተቀምጠው አገኘናቸው። ማን እንዳቆመው አልጠየቁም፤ ማን እንዳዘዘም አልጠየቁም። ቀና ብለው፥ «ብረቱ የማን ነው?» አሉ። «የእኛ ነው፥ እማማ» አልን። ከዚያ በኋላ አንዳች አልተናገሩም። ቢሰድቡን በቀለለን ነበር።

የሕክምናውን ወጪ ከአጎታችን ጋር እኩል ተካፍለን ከፈልን፤ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው አስታረቁን። ነገር ግን ያ ጥያቄ ከቤታችን አልወጣም። ማታ መዝገቡን ስንከፍት፥ ከአጎታችን የተቀበልነው የሦስት ቀን ኪራይ በገቢው በኩል ተጽፎ አየነው። የተቀበልነው የብረቱን ዋጋ ነው፤ የሸጥነው ግን የአንድ ሰው እግር ነበረ። በዚያው ሌሊት ብረቱ ያለ ባለሙያው ከግቢያችን እንዳይወጣ፥ ለዘመድም ቢሆን እንዳይፈቀድ ተስማማን።

ይህ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሎናል። ከባለሙያው ጋር ሲሆን ኪራዩ ከፍ ይላልና ብዙ ሰው «ተወደዳችሁ» እያለ ወደ አጠናው ተመለሰ። ዘመዶቻችንም ኩራት መሰላቸው። የመዝገቡ ሥራም ተለወጠ። ከሚገባው ገንዘብ ላይ ለባለሙያው ደመወዝ፥ ለጭነት መኪናና ለተጎዳው ብረት መለወጫ አስቀድመን እንለያለን፤ ከዚያም ለክረምት እናስቀምጣለን፤ ክረምት ሥራው ቢቀንስም የባለሙያው ልጆች ይበላሉና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዝዛል፤ ስለዚህ የራስ ቁሩና የወገብ ቀበቶው ከትርፍ የሚገዛ ጌጥ ሳይሆን ከሁሉ በፊት የሚወጣ ወጪ ነው። የቀረው ለቤታችን ይሆናል፤ እርሱም ብዙ አይደለም።

ባለሙያው ምን ይሠራል? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር እንዲህ ነው። ደርሶ ብረት ከማውረዱ በፊት መሬቱን ይረግጣል፤ ልል ከሆነ ጣውላ ያነጥፋል። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች፥ የመወጣጫው እግሮች በዊንች ከፍና ዝቅ እየተደረጉ በውኃ ልክ ይስተካከላሉ። ቀጥሎ ከፍታውን ያስባል፤ በደጅ ለብቻው የሚቆም ማማ ከጠባቡ የመሠረቱ ጎን ሦስት እጥፍ በላይ ቢረዝም ከግንቡ ጋር መታሰር አለበት። ከዚያም ቀና ብሎ የመብራት ሽቦ የት እንዳለ፥ ነፋሱም ከወዴት እንደሚመጣ ያያል። በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስም ያንኑ እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን ለመስጊድ ሚናራ፥ ሌላ ቀን ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቢጠራም ሥርዓቱ አንድ ነው። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ግን «ዛሬ አይወጣም» ማለት መቻሉ ነው።

ያ ወጣት በዱላ መሄድ ከጀመረ በኋላ እናቱ ወደ እኛ ላኩት። እኛም ብረት መግጠሙን አስተማርነው። መውደቅን ያየ ሰው ስለሆነ ከአስተማርነው በላይ ይጠነቀቃል። አንድ ጊዜ በኮምቦልቻ በአንድ ትልቅ አዳራሽ አምፖል ሲለወጥ፥ የሥራው አዛዥ ጊዜ እንዳይጠፋ ብሎ ሠራተኞቹ ከላይ እንደቆሙ ማማው በጎማው እንዲገፋ አዘዘው። እርሱም «ጌታዬ፥ ሰው ላዩ ላይ ሳለ ማማ አይገፋም፤ ይውረዱና ልግፋው» አለ። አዛዡ ተቆጥቶ ሥራውን አቋረጠ፤ ብረቱም ተጭኖ ተመለሰ። ማታ ወደ ቤታችን ሲገባ አንገቱን ደፍቶ፥ «ሥራውን አበላሸሁባችሁ» አለን። እኛ ግን የቀኑን ደመወዝ ሳናጎድል ቆጥረን ሰጠነው፤ ራትም አብሮን በላ። ያ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ እኛም አልተጸጸትንም።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ቤት የምታሠሩ፥ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ የምታሳድሱ፥ የሠራተኛም አለቃ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። መወጣጫ ስትከራዩ ለቀን ስንት ብር ነው? ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው፤ ገንዘብ በከንቱ አይባክንምና። ነገር ግን ከዚያ አስቀድማችሁ ከብረቱ ጋር የሚቆመው ማን ነው? ብላችሁ ጠይቁ። አከራዩም «እርስዎ እንዳሉ» እያለ ሁሉን የሚፈቅድላችሁ ቢሆን፥ በእኛ የደረሰው በእናንተ እንዳይደርስ ተጠንቀቁ።

እግዚአብሔር ቢረዳን ሰውን በቅርጫት ተሸክሞ ወደ ላይ የሚያነሣውን መኪና ለመግዛት አሳብ አለን፤ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። በተገዛ ጊዜም ከነባለሙያው ይከራያል። «ብረቱ የማን ነው?» ተብለን ዳግመኛ ብንጠየቅ፥ ሳናፍር «የእኛ ነው» ለማለት እንድንችል ነው።