ፍየል፣ ድመትና ውሻ በሐርጌሳ ግቢ

ከተማ ውስጥ ከሰው ጋር የሚያድር እንስሳ የሚታመመው ብዙውን ጊዜ ሰው በጣለው፣ ባስቀመጠው ወይም በረሳው ነገር ነው። በመስክ የሚውል ፍየል ጠላቱ ድርቅና ጅብ ነው። በሶማሌላንዷ ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህን በመሰለ ወረዳ፣ በግንብ ታጥሮ ከሚኖር ቤተሰብ ጋር የሚያድር ፍየል ግን የሚሞተው በፌስታል፣ ከሠርግ በተረፈ ሩዝና በአይጥ መርዝ ነው። ለድመቱና ለውሻውም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ የእንስሳቱ ጤና ወደ ሐኪም ከመድረሱ በፊት በግቢው ሰዎች እጅ ላይ ይወሰናል።

ከሁሉም የከፋው ፌስታል ነው። ጂላል በሚባለው ረጅም የበጋ ወቅት ሣር ሲጠፋ፣ ጠዋት ከግቢ ወጥቶ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ፍየል የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ሁሉ ያኝካል። ጨው ያጠረው ፍየል ደግሞ አመዱንም፣ ጨርቁንም፣ ካርቶኑንም ይበላል። የተዋጠው ፌስታል በትልቁ ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፣ ወደ አንጀትም አያልፍም። አንዱ በሌላው ላይ እየተጠመጠመ እንደ ገመድ ልቃቂት ይጠነክራል፤ ለምግብ የሚሆነውንም ቦታ ይይዛል። ፍየሏ ሆዷ ሞልቶ እየታየ ትከሳለች፣ ማመንዠክ ትቀንሳለች፣ ወተቷም ይነጥፋል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ እርጉዝ ትመስለዋለች፤ እውነቱ የሚታወቀው ስትታረድ ነው። ይህን የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። ያለው መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ብቻ ሲሆን፣ እሱም ለአንዲት ፍየል ብዙ ሰው የሚከፍለው ወጪ አይደለም።

መከላከያው ግን ርካሽ ነው። የምግብ ትርፍ በፌስታል ተቋጥሮ ከተጣለ እንስሳው ምግቡን የሚያገኘው ፌስታሉን ቀድዶ ወይም አብሮ ውጦ ነው። ትርፉ ወደ ሳፋ ተገልብጦ፣ ፌስታሉ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ የአደጋው ትልቁ ክፍል ይቀራል። ግቢው ጥላ ውስጥ የሚላስ ጨው ማኖርም ባዕድ ነገር የማኘክን ልማድ ይቀንሳል።

ትርፉ ምግብ ራሱም ያለ ልክ ከተሰጠ ይገድላል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦና ሊጥ በፍየል ጨጓራ ውስጥ በፍጥነት ወደ አሲድ ይለወጣሉ። ጨጓራው በውስጡ በሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን የሚሠራ በመሆኑ፣ ለሣርና ለቅጠል የተለማመዱት ሕያዋን በድንገት በመጣ ስታርች ይሞታሉ። አሲዱም ወደ ደም ይገባል። ፍየሏ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ግራ ጎኗ ይነፋል፣ ቅዘን ይይዛታል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለች። አደጋው የሚበዛው በሠርግና በዒድ ማግስት ነው፤ ደግነት የበዛበት ቀን ስለሆነ ያሳዝናል። ድርቆሽ ወይም ቅጠል አስቀድሞ፣ ትርፉን ግን በእፍኝ መስጠት ይበቃል። ከኢትዮጵያ በየቀኑ ከሚገባው ጫት የሚተርፈው ገራባም ለፍየል ይጣላል። ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭበት ጊዜ ስላለ ገራባውን አጥቦ መስጠት፣ ዋና መኖ አለማድረግም ይሻላል።

ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ ተገዝቶ በሚመጣበት ከተማ የእንስሳት ውሃ ከሁሉ በኋላ ይታሰባል። ሐርጌሳ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም የቀትር ፀሐይዋ ይከብዳል፤ ውሻና ድመት ደግሞ እንደ ሰው በመላ ሰውነታቸው አያልቡም። ጥላ ውስጥ የተቀመጠ፣ በየቀኑ የሚለወጥ ውሃ ያስፈልጋቸዋል። ያልተከደነ የውሃ ጉድጓድ በበኩሉ ለግልገልም ለድመትም ለሕፃንም ወጥመድ ነው።

ድመት በሙስሊም ቤት የተከበረ ቦታ አላት። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ አቡ ሁረይራ የተባለው ከድመት ጋር ባለው ፍቅር እንደሆነ ይነገራል። ድመት አስራ ሳታበላት፣ ምድር ላይ ያለውንም እንድትለቅም ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት ቅጣት የሚናገረው ሐዲስም የታወቀ ነው። ዛሬ ድመት በቤት ውስጥ የምትሞተው ግን በረኀብ ብቻ አይደለም፤ በመድኃኒትም ጭምር ነው። ለሰው ቀላል የሆነው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም፣ ደሟም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ሊገድላት ይበቃል። ድድዋ ከቀይነት ወደ ቡናማነት ከተለወጠና ፊቷ ካበጠ ሰዓታት ብቻ ናቸው የቀሩት። ለከብትና ለውሻ መዥገር የሚረጨው ፐርሜትሪን ለድመትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ በመድኃኒቱ የረጠበ ውሻ ላይ ተኝታ እንኳ ትንቀጠቀጣለች። የአይጥ መርዝ የበላ አይጥ ይዛ ከበላች መርዙ ወደ እሷ ይተላለፋል። አይጥ የሚያስቸግረው ቤት እህሉን በክዳን ዘግቶ ወጥመድ ቢጠቀም ድመቷን ያተርፋል። የድመት ዓይነ ምድር ደግሞ በየቀኑ መጠረግ አለበት። በውስጡ ሊኖር የሚችለው ቶክሶፕላዝማ ሰውን የመያዝ አቅም የሚያገኘው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ስለሆነ የዕለት ጽዳት ይቀድመዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ሥራውን ለሌላ ብትተው ይመረጣል።

ውሻ እንደ ድመት ቤት ውስጥ አይገባም፤ በር ላይ ይጠብቃል ወይም ባለቤት አልባ ሆኖ በሰፈር ይዞራል። ለዚህም ነው ጥበቃ የሚጎድለው፤ በተለይም ከእብድ ውሻ በሽታ። የበሽታው ቫይረስ ከንክሻው ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰውም ውሻም አይድንም ማለት ይቻላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ ይሞታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው፤ ከተነከሱት ውስጥም ሕፃናት ብዙ ናቸው። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገምለታል። ድመትም መከተብ ትችላለች። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ውሾችን መግደል ግን ይህን ውጤት አያመጣም፣ የሞቱትን ቦታ ያልተከተቡ ይተኩታልና። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ውሻው እስኪታይ፣ ቁስሉ እስኪሽር ወይም የባህል መድኃኒት እስኪሞከር መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ግቢ ውስጥ በሚታረድበት ቀን ውሻ ጉበትና ሳንባ ይጣልለታል። በዚያ ሥጋ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ የኢኪኖኮከስ ትል እጭ ሊሆን ይችላል። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በአሸዋ ላይ ይቀራል፤ ከዚያም ወደ ፍየሉም ወደ ሕፃኑም አፍ ይደርሳል። በሰው ጉበት ውስጥ ሲያድግ ዓመታት የሚፈጅና በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ዕጢ ይሆናል። ከረጢት ያለበትን ሥጋ በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻ የሚሰጠውን ደግሞ በደንብ መቀቀል፣ የትል መድኃኒትም በየሦስት ወሩ መስጠት ሰንሰለቱን ይቆርጣል።

ሕክምናን በተመለከተ፣ ሶማሌላንድ ከእንስሳት ጋር የኖረች አገር በመሆኗ ባለሙያ አላጣችም። በሼክ ከተማ ያለው የኢጋድ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ለቀጣናው አገሮች ባለሙያ ያሠለጥናል። ሥልጠናው በዋናነት ለግመል፣ ለበግና ለፍየል ያተኮረ ስለሆነ ድመት ያላቸው ሰዎች ድመታቸው የት እንደምትታከም በሰላም ጊዜ ጠይቀው ቢያውቁ ይበጃል።

ግቢ ውስጥ ጨርሶ ሊኖር የማይገባው እንስሳ ደግሞ አቦሸማኔ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ከእናታቸው የተነጠቁ ግልገሎች በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ለቤት ማሳደጊያ ይሸጣሉ፤ ንግዱ የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። ቀይ ሥጋ ብቻ የሚበላ ግልገል ካልሲየም አጥቶ አጥንቱ ይጣመማል፤ ከድመት በሚተላለፍ በሽታም በቀናት ይሞታል። ከነጋዴዎች የተወረሱት በሐርጌሳ በቺታ ኮንሰርቬሽን ፈንድ በተባለው የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት መጠለያዎች ሲያድጉ ቆይተው፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው ጌድ ደብሌ ወደተዘጋጀው ማእከል ተዛውረዋል። ግልገል በተፈጥሮ ከእናቱ ጋር 18 ወር ያህል ቆይቶ አደን ስለሚማር፣ ያን ያጣው ወደ ዱር ቢለቀቅ ራሱን ማኖር ይቸግረዋል። ለሽያጭ የቀረበ ግልገል ያየ ሰው በርኅራኄም ቢሆን መግዛት የለበትም። የአንዱ ዋጋ ለሚቀጥለው አዳኝ ደመወዝ ስለሚሆን፣ የሚሻለው ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ነው።