የሸራ ጥቅል

የነፋስን ጉዳይ የሚያውቅ ሁሉ ሸራ መዘርጋትን ያወድሳል፤ ትልቁ ጥበብ ግን መጠቅለሉ ነው። ይህን ያስተማረኝ ዱባይ በጀልባ መጠገኛ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ቀድሞ የፊቱን ሸራ ለማውረድ መርከበኛው ማዕበል ወደሚመታው የጀልባዋ አፍንጫ መሄድ ነበረበት። ዛሬ ሸራው፣ ከምሰሶው እስከ አፍንጫዋ የተወጠረውን ሽቦ ባለበሰ ቱቦ ላይ ይሰካል፤ ከግርጌው ተሽከርካሪ ማጠንጠኛ አለ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ገመዱን ሲስብ ቱቦው ይዞራል፣ ሸራውም እንደ ሰሌን ይጠቀለላል።

ወንድሜ ሲገጥመው አብዝቶ የሚጠነቀቀው ለሸራው ማንሻ ገመድ ነው። ገመዱ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ከወጣ አብሮ ይጠመጠምና ሸራው መሐል ላይ ይቆማል፤ አይዘረጋ፣ አይሰበሰብ። ስለዚህ በጥቂቱ ወደ ምሰሶው ዘንበል ብሎ እንዲሳብ ያደርገዋል። ሲጠቀለልም የሸራው መቆጣጠሪያ ገመድ ጨርሶ አይለቀቅም፤ ከተለቀቀ ጥቅሉ ይላላል፣ ነፋስም ገብቶ ይፈታዋል።

«መቼ ነው የሚጠቀለለው?» አልኩት አንድ ቀን በስልክ።

«ወንድም ጋሼ፣ ‹ልጠቅልለው ይሆን?› ብለህ ባሰብክበት ቅጽበት ነዋ! ነፋሱ ከበረታ በኋላማ ገመዱ ለክንድ አይታዘዝም» አለኝ። የመርከበኞች የቆየ ምክር ነው።

ወንድሜ ከአገሩ ከወጣ 9 ዓመቱ ነው። እናታችን «መቼ ትመጣለህ?» ባለችው ቁጥር «እያሰብኩበት ነው» ይላታል። እርሷም በየዓመቱ ዓይኗ እየደከመ፣ ድምፁን ብቻ እየለየች ትጠብቀዋለች። የገዛ ምክሩን መልሼ ልነግረው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። የሸራውን ሰዓት እንዲህ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው የራሱን አያጣውም እያልኩ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ ግን እንደሚያነበው አውቃለሁ።