ቃሌን አንስቻለሁ

ፖርትላንድ፣ ኦሪገን

ልጄ፣ የኔ እናት፤

እሑድ ማታ ስልኩን ከዘጋን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዲሴምበር 2025 ሚኒስትሮቻቸውን ሰብስበው ካሜራ ፊት ሶማሌዎችን «ቆሻሻ» ያሉ ዕለት፣ እዚያ ሚኒያፖሊስ ከሶማሌዋ ጓደኛሽ ጋር ሆነሽ እንደሰማሽ፣ እሷም ምንም ሳትል ሻሿን ማስተካከል እንደጀመረች ነገርሽኝ። ምን ላድርግ ስትይኝ «ዝም በይ፤ ፓስፖርትሽን ከቦርሳሽ አታውጪ፤ አንቺን እንደሆነ አላሉሽም» አልኩሽ።

ያን የመጨረሻውን ቃሌን አንስቻለሁ። ለምን እንደወጣኝ ግን ልታውቂው ይገባል፤ ልጅ ሳለሽ ሆን ብዬ የደበቅሁሽ ነገር አለ።

በኖቬምበር 1988 ሙሉጌታ ሥራው የሚባል የ28 ዓመት ወንድማችን እዚሁ ፖርትላንድ ተገደለ። ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ድረስ አምጥተውት ገና ሳይገባ፣ ራሳቸውን የተላጩ ሦስት ነጭ ወጣቶች አጠቁት፤ አንደኛው በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መታው። ለትምህርት መጥቶ ኤርፖርት ሹፌርነት እየሠራ የሚኖር ሰው ነበር። እኔ አሜሪካ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ተራ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ለወራት መንገድ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አማርኛ አልተናገርኩም። እሑድ ዕለት ያናገረሽ ያኔ የነበርኩት ፈሪ ልጅ ነው።

ከገዳዮቹ ይበልጥ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ግን በዚያ ሌሊት ፖርትላንድ ያልነበረ ሰው ነው። ቶም ሜትዝገር ካሊፎርኒያ ውስጥ ቴሌቪዥን እየጠገነ የሚኖር፣ በአንድ ወቅት የኩ ክላክስ ክላን መሪ የነበረ ሰው ነበር። ዱላ አላነሳም። ወኪሉን ልኮ እነዚያን ወጣቶች አደራጀ፣ አስተማረ። የሙሉጌታ ቤተሰብ በሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር ጠበቆች በኩል ከሰሰው፤ በ1990 ጁሪው እሱና ተባባሪዎቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ፈረደ። እዚህ አገር ጥላቻን መናገር ብቻውን አያስከስስም፤ ሜትዝገርን ያስያዘው ሰው መላኩ ነው። ፍርዱ የተሰማ ማታ እኔና አጎትሽ ከመሀል ከተማ እስከ ቤታችን በአማርኛ እየጮህን በእግራችን ሄድን።

ዛሬ ወኪል መላክ አያስፈልግም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ዶናልድ ትራምፕ በምርጫ ክርክር ላይ፣ ኦሃዮ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ያሉ ሄይቲያውያን የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ አሉ። የከተማው ባለሥልጣናት ማስረጃ የለም ቢሉም፣ የትራምፕ ፓርቲ ሰው የሆኑት ገዢው ማይክ ደዋይን ቢያስተባብሉም፣ በቀናት ውስጥ በቦምብ ዛቻ ማዘጋጃ ቤቱ ተዘጋ፣ ሕፃናት ከትምህርት ቤት በጥድፊያ እንዲወጡ ተደረገ። ማን ይከሰሳል? ማንም ሰው አልላከም። ቃሉን ያወጡት ሰው ተመልሰው ዋይት ሀውስ ገቡ፤ በገቡበትም ዕለት፣ በጃንዋሪ 6ቱ የካፒቶል ወረራ ለተከሰሱ ወደ 1,500 ለሚጠጉ ሰዎች ምሕረት ሰጡ።

አሜሪካ ደርግ ሆናለች አልልሽም። ፕሬዚዳንቱ ከተማችንን በጦርነት የወደመች ብለው ወታደር ሊያዘምቱባት ሲሉ፣ በኦክቶበር 2025 ያገዷቸው ዳኛ ካሪን ኢመርጉት ናቸው፤ ዳኛዋን የሾሙትም ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ናቸው። በቀይ ሽብር ዘመን እንዲህ ያለ ዳኛ አላየንም። ያየነው ሌላ ነው፤ ሰው መጀመሪያ «አናርኪስት»፣ «ፀረ ሕዝብ» ተብሎ ስም ይወጣለታል፤ ከዚያ ሬሳው መንገድ ላይ ሲገኝ ጎረቤቱ በሩን ይዘጋል። ብዙው ጎረቤት ክፉ አልነበረም፣ ልጄ። «እኔን አላሉኝም» ብሎ ነው። ሰው ቆሻሻ ከተባለ ደግሞ ቆሻሻ ይጠረጋል እንጂ ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ያ ቃል ያስፈራኝ ለዚህ ነው። ይህን እያወቅሁ ያንኑ ቃል ለገዛ ልጄ አቀበልኩ።

ጓደኛሽን ስታገኚያት ከጎኗ ተቀመጪ። አባትሽ ያለሽንም አትደብቂያት፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ። የምትፈራበት ቦታ ካለ አብረሻት ሂጂ። ፓስፖርትሽን ግን ያዢ፤ እሱን አላነሳም፣ አባት ነኝ።

ለፋሲካ ስትመጪ 31ኛ ጎዳና እወስድሻለሁ። ከ2018 ጀምሮ የሙሉጌታ ስም እዚያ ከመንገዱ ምልክት በላይ ተሰቅሏል። ትንሽ ሆነሽ ከኋላ ወንበር «አባዬ፣ ለምን በዚህ አንሄድም?» እያልሽ ትነዘንዢኝ የነበረው መንገድ እሱ ነው።

አባትሽ