ቦታው ሲሸነሸን መብራቱም ይታሰብ

ከደሴ ተነሥቶ ቦሩ ሜዳን አልፎ ወደ ኩታበር የሚሄድ ሰው አዳዲስ ቤቶች ሳያይ አይደርስም። ብዙዎቹ ጂዳ፣ ሪያድና ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን በላኩት ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሷል፣ ግድግዳው ተለስኗል፣ በሩ ገብቷል። ቆጣሪ የሌለው ግን ብዙ ነው፤ ከጎረቤት በተሳበ ቀጭን ሽቦ ካልሆነ አንዲት አምፖል ማብራት የማይችል ቤትም አለ። ችግሩ የኩታበር ብቻ አይደለም። በደሴ ዳርቻም፣ በኮምቦልቻ አዳዲስ ሰፈሮችም፣ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞችም ሰው ቁልፍ ተቀብሎ መብራት ጠብቋል። ለዚህም ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ቅደም ተከተሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማዘጋጃ ቤቱ መሬቱን ይሸነሽናል፣ ችካል ይተክላል፣ ካርታና ሳይት ፕላን ይሰጣል። የመኖሪያ ቤት ማኅበሩ ወይም ግለሰቡ ተበድሮም ተለቅቶም ቤቱን ይጨርሳል። መብራት ኃይል ዘንድ የሚሄደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለየቤታችን ማከፋፈሉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል፤ በሕዝቡ አፍ ግን ዛሬም መብራት ኃይል ነው። ነዋሪው መብራት ለመጠየቅ ሲሄድ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ መስመሩ ሩቅ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ሞልቷል፣ ምሰሶ የለም፣ በጀት እስኪያዝ ታገሡ። ነዋሪው ኮሚቴ መርጦ ብር ያዋጣል። ማዋጣት ያልቻለው ከጎረቤት ይስባል።

መልስ ሰጪውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገሩን በምጣድ እናስላው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ባለ 100 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በደምሳሳው 25 ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጣድበት አቅሙ ያልቃል ማለት ነው። በአዘቦት ቀን ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለማይጋግር ከዚያ የሚበልጥ ቤት ይሸከማል። በበዓል ዋዜማ ግን የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ማታ ይጣዳል፤ ያኔ መብራቱ ይደክማል፣ ፊውዝ ይበጠሳል፣ ሲብስም ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ትራንስፎርመር ከመመረጡ በፊት በሰፈሩ ስንት ቤት እንደሚሠራ መታወቅ አለበት። ቁጥሩን የሚያውቀው ደግሞ መሬቱን የሸነሸነው ጽሕፈት ቤት ነው። ያ ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ጠረጴዛ የሚደርሰው ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ማመልከቻ ይዘው ሲመጡ ከሆነ፣ የሚተከለው ትራንስፎርመር ለዛሬዎቹ አመልካቾች ይበቃና ለከርሞዎቹ ያንሳል። ምሰሶውም እንዲሁ ነው። የመንገዱ ልኬት ሳይታወቅ የተተከለ ምሰሶ፣ መንገዱ ሲከፈት መሐል ላይ ቆሞ ይገኛል። ከዚያ ማን ያንሣው፣ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ደብዳቤ ስንት ወር እንደሚመላለስ ያየ ያውቀዋል።

ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 721፣ ቦታ ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት ሊሟሉ ከሚገባቸው ነገሮች አንዱ መሠረታዊ የመሠረተ ልማት አቅርቦት መሆኑን ይናገራል። ለማኅበራት የሚሰጥ ቦታ በጨረታ ባያልፍም አስተሳሰቡ ለእነሱም ይሠራል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 857 መንገድ፣ ውኃ፣ ኤሌክትሪክና ቴሌኮም ተናብበው እንዲሠሩ የሚያስተባብር የፌዴራል ኤጀንሲ ተቋቁሞ ነበር። አዋጅ አላጣንም። ያጣነው አዋጁ ወደ ወረዳ ወርዶ የሁለት ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ዕቅድ ሲሆን ማየት ነው።

አለመናበብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳየው ትልቁ ማስረጃ እዚሁ አጠገባችን ነው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ ሊሠራ የተዋዋለው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ባቡሩ እንዲሄድ የታቀደው በኤሌክትሪክ ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ የኃይል አቅርቦቱ አብሮ ባለመድረሱ መስመሩ ያለ ሥራ ቆመ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስም ፕሮጀክቱ ለዘረፋና ለውድመት ተዳረገ። ከውጭ በብድር በመጣ ገንዘብ የተሠራ ሐዲድ ኃይል ጠብቆ ከቆመ፣ የእህቶቻችን ቤት ጨለማ ውስጥ መቆሙ ከዚያው ከአንዱ ሕመም የመጣ ነው።

አብሮ ማቀድ ሲኖር ሥራው እንደሚሄድም አይተናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት፣ በቤት ማፍረሱ ላይ የተነሣው ጥያቄ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መንገዱ ሲቆፈር የመብራትና የቴሌኮም መስመሩ አብሮ መሬት ውስጥ ገብቷል። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ደግሞ ቤት አልሚው ገና በንድፍ ደረጃ ከኤሌክትሪክ ድርጅቱ ጋር ይቀመጣል። ለመስመር ማስፋፊያ አስቀድሞ የከፈለው ገንዘብም አዳዲስ ደንበኞች በመስመሩ በገቡ መጠን ይመለስለታል። እኛ ዘንድ ይህ ገንዘብ የመመለስ ሥርዓት ክፉኛ ያስፈልጋል። ቀድመው የገቡት ከኪሳቸው አዋጥተው ያመጡትን ትራንስፎርመር ኋላ የሚመጣው በነፃ ሲጠቀምበት፣ ሰው ቀድሞ ማዋጣቱን ይጠላል፤ ጎረቤትና ጎረቤትም ይቀያየማል።

ኃይል የለም እንዳይባል፣ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሕዝባችን ከጉሮሮው ነጥቆ ቦንድ ገዝቶበታል። ያ ኃይል የአንድ ሰፈር ቤት ውስጥ የሚገባው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ምሰሶዎች ነው፤ እነዚያን ምሰሶዎች የሚያስቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሁለት ቢሮዎች አለመነጋገር ነው።

ለኩታበር፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች ያለኝ ልመና ይህ ነው። ሽንሻኖ በጸደቀ ዕለት የቦታው ፕላንና የቤቱ ብዛት በደብዳቤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ይድረስ። የምሰሶውና የትራንስፎርመሩ ቦታ ከመንገዱ ጋር በፕላኑ ላይ ይሰመር። የኤሌክትሪክ አገልግሎትም የነዋሪውን መዋጮ በስም መዝግቦ፣ ኋላ የሚገባው ድርሻውን የሚከፍልበትን፣ ቀድሞ የከፈለውም የሚካካስበትን ሥርዓት ያብጅ።

እናንተ ቦታ ለመረከብ ተራ የምትጠብቁ የማኅበር አባላትም፣ ችካሉን ከመቀበላችሁ በፊት መስመሩ ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ ጠይቁ። የምታዋጡትን ብር ያለ ደረሰኝ አትስጡ። ባሕር ማዶ ያላችሁ ልጆቻችንም ለቤቱ መሠረት ገንዘብ ስትልኩ፣ መብራቱ እንዴት እንደሚገባ ጠይቃችሁ መልሱን ሳትሰሙ አትላኩ።